ጋሼ ያነበባቸው ድንጋዮች

ኅዳር 4

ጉልበቴ ሌሊቱን አላስተኛኝም። ሻይ ጠጥቼ ወንድሜ ጋ ሄድኩ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ጋሼ ወንበሩ ላይ እንደተተከለ ነው። መጋረጃ እንኳን አይገልጥም። "ተነስ" አልኩት። "ወዴት?" "ወደ መቃብር።" "ገና ነኝ እኮ" አለኝ። ሳቅ አመለጠኝ። ከቀብሩ ወዲህ ሲቀልድ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው... ከከተማው ውጪ ያለው አሮጌ መቃብር ለመንገድ ሊነሳ ነው። አጽሙ ወደ አዲስ ቦታ ይዛወራል። ድንጋዮቹ ግን ተሰባብረው ለመንገዱ ይደለደላሉ። በአዲሶቹ ድንጋዮች ላይ የሚቀረጸው እኛ መዝግበን የምንሰጠው ነው። የማዘጋጃ ቤቷ ጸሐፊ "ከጡረተኛ በቀር ማን ይሠራዋል?" ብላ ፊት ለፊት ነገረችኝ። ደስ አለችኝ።

ጋሼ እሺ አለ። ካፖርቱን ሲለብስ ቁልፎቹን አዛነፋቸው። እኔ አስተካከልኩለት።

ኅዳር 6

ጀመርን። አረሙ ወገብ ይደርሳል። በሩ ከማጠፊያው ወልቆ ተንጋዷል። ጋሼ በትከሻው ሄዶ ገጨው። "አታይም እንዴ?" ስለው "እሱ ነው የመጣብኝ" አለ።

አሠራራችን ቀላል ነው። እሱ ተንበርክኮ ድንጋዩን በውሃና በለስላሳ ብሩሽ ያጥባል፣ ጣቱን በፊደሉ ላይ እየነዳ ጮክ ብሎ ያነባል። እኔ ታጣፊ ወንበሬ ላይ ሆኜ እጽፋለሁ። መንበርከክ ለኔ ድሮ ቀረ። ደግሞስ ሠላሳ ዓመት ታይፒስት ሆኜ የኖርኩ ሰው፣ የተነገረኝን መጻፍ መቼ አቅቶኝ ያውቃል?

"ቆንጥር፣ ቀስ በይ። እነዚህ ሰዎች አይቸኩሉም" ይለኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ቆንጥር ነኝ ለሱ። ያልወጋሁት ሰው የለም ብሎ።

ኅዳር 9

የሞተ ሁሉ ደግ ነው እንዴ? "ርኅሩኅ እናት"... "የድሆች አባት"... "በሁሉ ዘንድ የተወደደ"... እዚህ ግቢ አንድም ክፉ ሰው አልተቀበረም። ታዲያ ክፉዎቹን የት ነው የሚወስዷቸው? ጋሼን ጠየቅኩት። "ክፉ አይሞትም። ይኸው አንቺ አለሽልኝ" አለ። ብሩሹን ወረወርኩበት።

አንዳንዱ ግን አንጀት ይበላል። አንድ አናጢ አለ፣ "የሠራው በር ሁሉ ድምፅ ሳያሰማ ይዘጋል" ይላል ድንጋዩ። ማን አሰበው? ጽፌ ስጨርስ ቀና ብዬ ጋሼን አየሁት። ፊቱ ላይ ቀለም ገብቷል። ስንመለስ ራበኝ አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ...

ኅዳር 13

የጋሼን ካፖርት ለማስጠበብ ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄድኩ። ከስቶ በውስጡ ሁለት ሰው ያስገባል። መርፌ በአፏ እንደያዘች ሥራዬን ጠየቀችኝ። ስነግራት መርፌውን አውጥታ አስቀመጠች።

እናቷ እዚያ የተቀበረች ልጅ አለቻቸው። የመጀመሪያቸው፣ ስም እንኳን ያልወጣላት። እሳቸው አራስ ስለነበሩ አባቷ ብቻውን ወስዶ ቀበራት። ተመልሶ መጥቶ አንድ ቃል አልተናገረም። ድንጋይ ይኑራት አይኑራት፣ ምን ይጻፍባት... ምንም። እሳቸውም "እሱ ካልነገረኝ አልጠይቅም" ብለው ማሉ። አልጠየቁም። ሰውየው ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ ሴትዮዋ አሁንም እንዳኮረፉት ናቸው። የሚያውቁት ከግንቡ ጥግ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር መሆኑን ብቻ ነው።

"ፈልጊላት። እማዬ ዘጠና ዓመቷ ነው" አለችኝ። የካፖርቱን ሂሳብ አልቀበልም ብላ ተጣላን።

ኅዳር 15

አገኘናት! ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ግማሹ አፈር የዋጠው። ዓመቱም ልክ ነው። ጋሼ ብዙ አጠበው። ብዙ ዳሰሰው። ከዚያ ቀስ ብሎ፦

"ሕፃን። ትንሿ እንግዳችን፣ ሳንጠግብሽ ሄድሽ። አባትሽ እስኪመጣ አትፍሪ።"

መስመር ስቼ ጻፍኩት። እንዲህ የሚል ሰው ነው እንግዲህ ሚስቱ ፊት አፉ የተለጎመው? ወንዶች ስትባሉ...

ማታ ለልብስ ሰፊዋ በስልክ አነበብኩላት። ደግሜ እንዳነብላት ለመነችኝ።

ኅዳር 16

ደወለች። እናቷ አለቀሱ፣ ከዚያ ተኙ። እስኪረፍድ ድረስ እንደ ልጅ ተኙ አለች።

ኅዳር 21

ጋሼን ጉንፋን ጣለው። የሕፃኗን ዓመተ ምሕረት ስጽፍ መስመር ስቼ ስለነበር አልነበብ አለኝ። ላጣራ ብቻዬን ሄድኩ። ጉልበቴን እየረገምኩ ተንበረከክሁ። ከቦርሳዬ መስታወት አውጥቼ ብርሃኑን ከጎን መለስኩበት። ብርሃን ከጎን ሲመታው የደበዘዘ ፊደል ጥላ ያወጣል፣ ያኔ ይነበባል።

"ሕፃን" ይላል። ከሥሩ ዓመቱ። በቃ።

ሌላ ጎን ይኖር ይሆን ብዬ አፈሩን በጥፍሬ ጫርኩ። የለም። ተበልቶ ጠፍቶም አይደለም፣ ድንጋዩ ልሙጥ ነው፣ ተጽፎበት አያውቅም። ወደ አናጢው ሄድኩ። "አናጢ" የሚለው ጥልቅ ነው፣ ጣት ያገኘዋል። የቀረውን ዝናብ በልቶታል። በር የሚባል ነገር የለም። ሌላም አየሁ፣ ሌላም... ጥልቁ ፊደል ሁሉ ልክ ነው። የሳሳው ሁሉ የጋሼ ነው።

የበሩ ነገር... የካፖርቱ ቁልፍ... ባለፈው ሻዩን ከሲኒው ውጪ የቀዳው... እኔ ነኝ ዕውሯ።

ኅዳር 22

ሾርባ ይዤለት ሄድኩ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። "ነገ ይሻለኛል፣ ሦስተኛው ረድፍ ይጠብቀናል" አለ። ዓይኑ ወደኔ ነው፣ ግን ከጆሮዬ አጠገብ ያለውን ግድግዳ ነው የሚያየው። ማንኪያውን እጁ ላይ አስያዝኩት።

ብናገር ምን ይቀረዋል? ተመልሶ ወንበሩ ላይ ይተከላል። ባልናገር ደግሞ ውሸቱ በአዲስ ድንጋይ ይቀረጻል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ...

ኅዳር 23

ልብስ ሰፊዋ ደወለች። እናቷ ቅዳሜ ካልወሰዳችሁኝ ብለዋል። ድንጋዩን ሊዳስሱ፣ ጽሑፉንም ልጃቸው እዚያው እንድታነብላቸው። አበቃ። እንግዲህ ምን ልደብቅ?

በቀጥታ ሄጄ መጋረጃውን ገለጥኩት። "ጋሼ፣ ስንት ጣት ነው?" አልኩት። እጄን አላነሳሁም ነበር። "ሦስት" አለ።



"ከመቼ ጀምሮ?"

"ግራው ሚስቴ ሳለች። ቀኙ ከሷ በኋላ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ነግሬሽ ደግሞ እንደ አሮጌ ሶፋ ከቤት ቤት ልትጎትቱኝ?"

ደሜ ፈላ። ሶፋውን ተወው፣ የሰው ሙታን ላይ እንዴት ትቀልዳለህ አልኩት። ብዙ አልኩት። ቆንጥር አይደለሁ? ሲያዳምጠኝ ቆየና፣

"አልቀለድኩም" አለ። "እጄን ሳሳርፍበት ባዶ ይሆንብኛል። አንቺ እስክሪብቶሽን ከፍተሽ ትጠብቂያለሽ። ድንጋዩም ይጠብቃል። 'ምንም' ማለት አቃተኝ እህቴ።"

እህቴ ብሎኝ አያውቅም። ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ስለ ቅዳሜ ነገርኩት። እኔ በስልክ ላስረዳቸው ስለው አይሆንም አለ። "ያልኩት እኔ ነኝ። እኔው እነግራቸዋለሁ።"

ኅዳር 26



እናትየው ትንሽ ናቸው፣ የልጃቸውን ክንድ ይዘው እንደ ወፍ እየረገጡ መጡ። ጋሼ ዛፉ ሥር ቆሞ ጠበቃቸው። የተጠበበለትን ካፖርት ለብሷል። ምንም አላለሳለሰም።

"እማማ፣ ዓይኔ ደክሟል። ድንጋዩ ላይ ያለው 'ሕፃን' የሚል ቃልና ዓመቱ ብቻ ነው። ሌላውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።"

ይቅር የሚሉት መስሎኝ ነበር። አሮጊት ሁሉ ይቅር ባይ ይመስለኛል መሰል። ፊታቸው ጠቆረ።

"ልጄ" አሉት፣ ሰባ ዓመት የሞላውን ሰውዬ። "እኔ እኮ ስድሳ ስንት ዓመት ያኮረፍኩትን ሰው በዚህ ሰሞን ይቅር አልኩት። ፎቶውን ከሣጥን አውጥቼ ሰቀልኩት። በየጠዋቱ እንደምን አደርክ እለዋለሁ። አሁን ምን ላድርግ? ላውርደው?"

  ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፣ ቦታውም ተስማሚ ነበር።

"አስቀምጪኝ" አሉ ልጃቸውን። ሣሩ ላይ አስቀመጠቻቸው። እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ። ፊደሉን አልፈለጉም፣ ማንበብ አይችሉም። መዳፋቸው በመሃል ሄደ፣ ጎድጎድ ወዳለው። ከዚያ ወደ ጠርዙ። እዚያ ላይ የተሸረፈ ቦታ አለ። ጣታቸው ገባበት፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ።

"ይሄ የደጃፌ ድንጋይ ነው" አሉ።

ልጃቸው "የምን ደጃፍ፣ እማዬ?" አለች።

"የድሮው ቤታችን። የምንረግጠው። እዚህ ጋ የሸረፍኩት እኔ ነኝ፣ በመጥረቢያ። እንጨት አትፍለጪበት እያለ ሲጨቀጭቀኝ። ከአራስ ቤት ስወጣ ደጃፉ ላይ የለም። የት ሄደ ብዬ ብጠይቀው ሌባ ወሰደው አለኝ። ክረምቱን ሙሉ በጭቃ ገባን፣ ወጣን። የምን ሌባ ነው ድንጋይ የሚሰርቅ እያልኩ ስሰድበው... ድንጋይ መግዣ አልነበረንም እኮ። ለሁለት ሰው የሚከብድ ነው ይሄ። በምን አመጣው? በጀርባው?"

 ልጅየዋ አቀፈቻቸው። ጋሼ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ምን ብዬ ልጻፈው?

ሲነሱ ጋሼን በጣታቸው ጠሩት። እሱ አላየም፣ እኔ ገፋ አደረግሁት። "ያንተን ቃል ሰርዘው" አሉት። "ይህንን ድንጋይ ግን ማንም እንዳይሰብረው። እንዳለ ይሄዳል።" ጥቂት ሄደው ዞር አሉ። "ዓይንህንም ተመርመር። ትልቅ ሰው አይደለህ?"

ታኅሣሥ 3

ማዘጋጃ ቤት ሄደን ሁሉንም ተናዘዝን። ጸሐፊዋ እስክንጨርስ ሰማችን። ሁለት ወር ጨመረችልን፣ የደጃፉም ድንጋይ እንዳለ እንዲጓዝ በእጇ ጽፋ ማኅተም መታችበት። "ከአሁን በኋላ ሁለታችሁም ካላያችሁ አትጻፉ" አለች። ጋሼ "እኔ ካየሁማ ተአምር ነው" አላት።

ታኅሣሥ 5

የዓይን ክሊኒክ። የዓይን ግፊት ነው አሉ። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ትንሽ በጠብታ ማቆየት ይቻላል። ጠብታውን ማን ያደርግልሃል ብለው ጠየቁት። "እኔ" አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ወንበሩን ጭነን ወደኔ ቤት አመጣን። ከአልጋ፣ ከወንበርና ከሚስቱ ፎቶ በቀር ምንም አልያዘም። "ሶፋው መጣ" አለ በር ላይ ቆሞ። ግባ፣ ብርድ ይገባል አልኩት።

ጥር 8

እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምረን ዛሬ ግማሹን አለፍን። አንባቢዋ እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊዋ ለጉልበቴ ወፍራም ትራስ ሰፍታልኛለች። ጋሼ ውሃ ያፈሳል፣ መስታወቱን ይይዛል። "ወደ ግራ... አይ፣ ያንተ ግራ..." እየተጨቃጨቅን። የኔ ዓይንና የሱ ጣት ካልተስማሙ አንጽፍም። ሥራው ይንቀራፈፋል። ማን ቸኮለ?

የቀኑን ሥራ ልናበቃ ስንል አንድ ድንጋይ ጋ ደረስን። አጠብነው። ብርሃኑን ከግራም ከቀኝም መለስንበት። "ምን ይላል?" አለ ጋሼ። እውነቴን ነው፣ አንድ ፊደል እንኳን እንዲኖር ፈለግሁ። አንድ ደግ ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። አሁን ነው የገባኝ እንዴት እንደሆነ...

"ምንም አይልም፣ ጋሼ።"

እሱም ጣቱን አሳለፈበት። ከዳር እስከ ዳር። "አይነበብም ብለሽ ጻፊ" አለ።

ጻፍኩ። ወንበሬን አጥፌ ወደ በሩ ሳመራ ከኋላዬ አልመጣም። ዞር ስል እጁ አሁንም ድንጋዩ ላይ ነው፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

"ምን እያልከው ነው?"

"ላንቺ አይደለም" አለ። "አትጻፊ።"

እስክሪብቶዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ወንበሬን መልሼ ዘረጋሁና እስኪጨርስ ጠበቅሁት።