ድልድይ መርጠን እንደራሴ አገኘን

ለክቡር አቶ ጉተማ ቀጀላ
በሕግ መምሪያ ምክር ቤት የአቃቂ ሕዝብ እንደራሴ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎ ጤንነት እንደምን ሰንብቷል? ወይዘሮ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በምርጫው ጊዜ ያየናት ጥቁሯ መኪናዎም ጭምር ደኅና ናቸው? የሳሪሱ አቦ ወገብዎን ያጽናልዎ፤ በምክር ቤት ወንበር ላይ ሲቀመጡ መዋል ወገብ እንደሚያደክም ሰምተን አዝነናል። እኛም ወገባችንን ያመናል፤ ምክንያቱ ግን ወንበር አይደለም፤ ከዚህ በታች በትሕትና እገልጸዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ግልጽ ያደረግሁት ክቡርነትዎን በሰው ፊት ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። በፖስታ የላክናቸው ማመልከቻዎች መልስ ስላላመጡ፣ ምናልባት ፖስታ ቤቱ ይሆናል ጥፋተኛው ብዬ፣ ይህኛውን ከሐዲዱ ማቋረጫ አጠገብ ባለው የስልክ እንጨት ላይ ልቸነክረው ቆርጬአለሁ። እዚያ አንባቢ አይጠፋም። ባቡሩ መንገዱን ዘግቶ ሲቆም ሕዝቡ የሚሠራው ነገር ስለሌለው ያነባል፣ ፊደል ያልቆጠረውም ያስነብባል። ክቡርነትዎም ከዕለታት አንድ ቀን ወደ እኛ ብቅ ቢሉና ባቡሩ ቢያቆምዎ፣ አንብበው ለመጨረስ በቂ ጊዜ ይኖርዎታል።

ስሜ ወርቅነሽ ታደሰ ይባላል። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ የፈትል ክፍል ሠራተኛ፣ የሠፈራችንም ሴቶች የማርያም ማኅበር ሰብሳቢ ነኝ። ሟቹ ባለቤቴ ዕድሜውን የጨረሰው ይህንኑ ሐዲድ ሲጠግን ስለነበር በባቡር ላይ ቂም የለኝም። ደብዳቤውንም የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ የትኛው ወንድ ጻፈላት ብለው በማፈላለግ እንዳይደክሙ ብዬ ነው።

አካባቢያችንን ከረሱት ላስታውስዎ። ቤታችን ከሐዲዱ ወዲህ ነው፤ ፋብሪካው፣ ገበያውና ሐኪም ቤቱ ከሐዲዱ ወዲያ ናቸው። ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ ጫኝ ባቡር፣ ሌላ ባቡር እስኪያልፍለት በጣቢያው ቆሞ ሲጠብቅ፣ ጭራው ማቋረጫው ላይ ይቀራል። ወንዶቹ በፉርጎዎቹ መጋጠሚያ ላይ ተንጠላጥለው ያልፋሉ። እኛ ግን ልጅ አዝለን፣ ቀሚስ ለብሰን፣ በአደባባይ እግራችንን አንሥተን መንጠላጠል ነውር ስለሆነብን ከፉርጎው ሥር እንሾልካለን። ለዚህም ሥርዓት አበጅተናል። ተረኛዋ ሴት ወደ ባቡሩ ራስ ሄዳ ነጂውን ትጠብቃለች፤ እሱ ሻይ ሲጠጣ ነጠላዋን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ትይዛለች፣ ከመቀመጫው ሲነሣ ታወርደዋለች። ነጠላው ከፍ ብሎ እስከታየ ድረስ እንሾልካለን፣ ሲወርድ የደረስንበት እንቆማለን። ከሥር ያለችው ግን የምትቆምበት ስለሌላት ትሮጣለች፤ መሮጥ ማለቴ በእንብርክክ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፦ ስለ ምርጫው አመሰግናለሁ። ፊደል ለማያውቀው ሕዝብ እንዲመች ዕጩዎቹ ሁሉ የሥዕል ምልክት ነበራቸው፤ አንደኛው በሬ፣ ሌላው ሰዓት፣ ክቡርነትዎ ደግሞ ድልድይ። ቅስቀሳ ሊያደርጉ የመጡ ዕለት ባቡሩ እርስዎንም አላሳልፍ አለዎት። ከመኪናዎ ወርደው ሴቶች ከነልጆቻቸው ከፉርጎ ሥር ሲወጡ አዩና ፊትዎ ተለወጠ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ወደድንዎ። እጅዎን በሥዕሉ ላይ አድርገው፣ «እኔ ከተመረጥኩ ከዚህ ባቡር ሥር የምትገባ ሴት አትኖርም» አሉ። እኛም ሥዕሉ የምርጫ ምልክት መሆኑን ትተን የሚሠራልን ድልድይ ንድፍ መሰለን። ጎረቤቴ ወይዘሮ ዳሲቱማ፣ ድልድዩ ደረጃ የለውምና አሮጊቶች በምን ይወጡታል፣ እንደ ተመረጡ ሄደን እናስጨምር ብላ ማኅበርተኛውን ሁሉ ስታከራክር ሰነበተች። በሬውን የመረጡት ገበሬዎች በየደጃቸው በሬ ይታሰርልናል ብለው አልጠበቁም። ሞኞቹ እኛ ነን። ድምፃችንን የሰጠነው ለድልድይ ነበር፤ የተመረጡት ግን እርስዎ ሆኑ። ጥፋቱ የእኛ ስለሆነ ይቅርታ እንጠይቃለን።

፪ኛ፦ አዲስ አበባ ድረስ መጥተን ደጅ ስንጠና ስላደረጉልን አቀባበል አመሰግናለሁ። ወንበር አስመጡልን፣ ውሃ አስቀዱልን፣ አንድ ቃል ሳያቋርጡ አዳመጡን። ከዚያም ይህ የባቡር ጉዳይ እንደሆነ፣ የባቡር ጉዳይም የኩባንያው እንጂ የእንደራሴ እንዳልሆነ፣ የሴት ጉዳይ ሲኖረን ግን ያለ አንዳች ፍርሃት በምክር ቤት እንደሚያነሡልን አስረዱን። ወደ ኩባንያው ሄድን። እዚያም ያገኘነው ጸሐፊ፣ ባቡሩ የኛ ነው፣ መንገዱ ግን የመንግሥት ነው ብሎ ወደ እርስዎ መለሰን። አልሸሹም ዞር አሉ ይላል ያገሬ ሰው። ዳሲቱ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ «ከሥሩ የምንገባው እኛ፣ ልጅ ያዘልነው እኛ። ታዲያ ጉዳዩ የባቡሩ የሚሆነው ባቡሩ ምን ሆኖ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ከእኔ ዕውቀት በላይ ስለሆነ ለክቡርነትዎ አስተላልፌዋለሁ።

፫ኛ፦ ቃልዎን ጠብቀው የሴቶችን ጉዳይ በምክር ቤት በማንሣትዎ አመሰግናለሁ። ዜናውን የሰማነው በአሰለፈች ሻይ ቤት ራዲዮ ነበር። ዜና አንባቢው የአቃቂ እንደራሴ ስለ ሴቶች ረጅም ንግግር አደረጉ ሲል ቤቱ ጸጥ አለ፤ ማኅበርተኛችን በላይነሽ ለእልልታ እጇን ወደ አፏ አስጠግታ ትጠብቅ ነበር። ንግግሩ ስለ ቀሚስ ሆነ። ቀሚስ እያጠረ መሄዱ አገርን እንደሚያዋርድ፣ የጨዋ ሴት ቀሚስ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ መውጣት እንደማይገባው ገለጹ፣ ምክር ቤቱም አጨበጨበልዎ። ሻይ ቤት የነበሩት ወንዶች እኛን እያዩ ሳቁ። በላይነሽ እልልታዋን ዋጠችው። እኔ ተናደድኩ፣ ክቡር ሆይ፤ ይህን ስጽፍም ንዴቱ አልወጣልኝም።

በኋላ ግን ተረጋግተን፣ ክቡርነትዎ በአቃቂ አጭር ቀሚስ የት እንዳዩ ተመካከርን። የፋብሪካው ጋዋን ጉልበትን አልፎ ይወርዳል፤ የገበያ ሴቶችም እንደሚያውቋቸው ናቸው። መጨረሻ ላይ የደረስንበት፣ ያን የቅስቀሳ ዕለት ከፉርጎ ሥር በእንብርክክ ስንወጣ ያዩት መሆን አለበት የሚል ነው። በእንብርክክ የሚሄድ ሰው ልብሱ ይሰበሰብበታል። ለካ ያን ቀን ፊትዎ የተለወጠው ባቡሩን አይተው ሳይሆን ጉልበታችንን አይተው ኖሯል።

፬ኛው ምስጋና ከሦስተኛው የተወለደ ነው። ንግግርዎ ሕግ ሆኖ ባይወጣም የእኛ ካቦ፣ አቶ ሮሪሳ፣ ሕግ እስኪወጣ የሚጠብቅ ሰው አይደለም። በነጋታው በፋብሪካው በር ላይ ቆሞ፣ እንደራሴያችሁ ያሉትን አልሰማችሁም ወይ እያለ ጋዋኗ ቁርጭምጭሚቷን ያልሸፈነላትን ሁሉ መለሰ። ሥራችንን ላለማጣት ሁላችንም ጫፉ ላይ ጨርቅ ቀጠልን። ፋብሪካ የማይሠሩት ጎረቤቶቻችንም ከእኛ አይተው ቀጠሉ። አቃቂ በአንድ ሳምንት ጨዋ ሆነች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዳሲቱ ምራት አደሴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ሐኪሙ የልጁ አቀማመጥ ስላላማረው ቤት ውስጥ እንዳትወልድ፣ ምጥ ሲጀምራት ወዲያው ሐኪም ቤት እንድትመጣ አስጠንቅቋታል። ባለፈው ወር ለምርመራ ስንወስዳት ባቡሩ ቆሞ አገኘነው። ጠበቅን፣ ጠበቅን፣ አልሄደም። በላይነሽ ተረኛ ነበረች፤ ነጠላዋ ከፍ ብሎ ስለታየን ዳሲቱ ቀደመች፣ አደሴ ሆዷን ደግፋ ተከተለች፣ እኔ ከኋላ ነበርኩ። ነጠላው ወረደ። አደሴ ግን ከሥር አልወጣችም፤ የተቀጠለው የቀሚሷ ጫፍ ከፉርጎው ብረት ጋር ተያይዞ ወደ ኋላ ጎተታት። ዳሲቱ አልፋ ነበር፣ ተመልሳ ገባች። የፈትል ሠራተኞች ክር መቁረጫ መቀስ አንገታችን ላይ አንጠልጥለን እንውላለን፤ በዚያች መቀስ ጨርቁን ቆረጥኩት። ሦስታችንም ከሐዲዱ ወዲያ ከወደቅን በኋላ ነው ባቡሩ የተንቀሳቀሰው። አደሴ አላለቀሰችም፤ ቀና ብላ፣ «እትዬ፣ ዛሬስ ወጣሁ። ምጤ የመጣ ዕለትስ?» አለችኝ።

የቀሚሷ ቁራጭ ብረቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ወደ አዲስ አበባ ሄዷል። ጉዳያችን ከዋና ከተማው የደረሰው በእሱ ብቻ ስለሆነ፣ ለገሃር አካባቢ ካዩት ሰላም ይበሉልን።

ክቡር ሆይ፣ ድልድዩን ትተነዋል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆኖብናል፤ ከእንግዲህ በሥዕል አናስቸግርዎም። የምንለምንዎ ጥቂት ነገር ነው፦ ዕቃ ጫኙ ሲቆም ጭራውን ከማቋረጫው አሳልፎ እንዲቆም፣ ይህም ካልተቻለ ፉርጎዎቹን ማቋረጫው ላይ ከፍለው መንገድ እንዲተዉልን፣ በዚያ ባማረ አንደበትዎ በምክር ቤት አንድ ጊዜ እንዲናገሩልን። ለቀሚስ ከተናገሩት ላይ የአንድ ትንፋሽ ያህሉ ይበቃናል። አደሴ ወሯ ገብቷል። ምጧ ሲመጣ ባቡሩ ቆሞ ይሁን አልፎ የሚያውቅ የለም፤ እኛም ማታ ማታ የምንጸልየው ለምጡ ሳይሆን ለባቡሩ ሆኗል። ፈርተናል። በጨዋ አማርኛ የምለው ሌላ ቃል የለኝም።

ምርጫም እየቀረበ ነው ይባላል። እንደ ልማድዎ ሊወዳደሩ ካሰቡ፣ ድልድዩን ለሌላ ዕጩ እንዲለቁልን በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን። በምትኩ ቀሚስ ቢያደርጉት፣ በዚህ ጊዜ የመረጥነውን ስለምናውቅ ማንም ሴት አትሳሳትም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ጽናት፣ ለመኪናዎ ያልተዘጋ መንገድ እየተመኘሁ፣ በአቃቂ ሴቶችና በጉልበቶቻቸው ስም እጅ የምነሣዎ፣

አክባሪዎ
ወርቅነሽ ታደሰ
አቃቂ፣ ግንቦት ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ እንጨቱ ላይ ሳልቸነክረው፣ የአደሴ ምጥ መጣ። ሰው በሞላበት ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ባቡሩም ቆሞ ነበር። ጎረምሶቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት ደረሱ፤ ቃሬዛ ግን ከፉርጎ ሥር አይገባም፣ በላይም አያልፍም። በላይነሽ ሮጣ ነጂውን ለመነችው፤ ሰውየው ደግ ነው፣ ሻይውን ጥሎ ተነሣ፣ ነገር ግን ከጣቢያው ካልተፈቀደለት መንቀሳቀስ እንደማይችል ሲነግራት ዓይኗን ማየት አቅቶት ነበር። አደሴ ይህ ደብዳቤ በሚቸነከርበት እንጨት ሥር፣ ጠጠሩ ላይ ወለደች። ባቡሩ ሲያልፍ ሐኪም ቤት አደረስናት፤ እስከ ዛሬ አልወጣችም፣ ሐኪሙም ትድናለች ብሎ ደፍሮ አልነገረንም። ልጇ ደኅና ናት። ሴት ስለሆነች ጉዳይዋ ከእንግዲህ የባቡር ነው እንደማይባል ተስፋ እናደርጋለን። የምንጠቀልልባት ጨርቅ ስላልያዝን ዳሲቱ በእኔ መቀስ የራሷን ቀሚስ የተቀጠለ ጫፍ ቆርጣ ጠቀለለቻት፤ ጨርቁ ከራሷ እስከ እግሯ ሸፍኗታል። ስለ ርዝመቱ ክቡርነትዎን እናመሰግናለን።