ኦርቪል የሚጀምራት ዜማ

ዱራም፣ ሴፕቴምበር 1938

ሩፈስ ወንድሜ፣

የኦርቪልን መርዶ ሰምታችኋል። መንገድ ላይ ትርፍ አንጀት ይዞት ሆስፒታል ብንወስደው «ጥቁር አንቀበልም» ብለው መለሱን፤ የባንዳችን አውቶቡስ ውስጥ ትከሻዬን እንደተደገፈ አረፈ። እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ፀጉር ቤቱ እንኳ ይዘጋል። እዚህ ግን ጠዋት ቀብረነው ማታ ትምባሆ መጋዘን ውስጥ ለሚደንስ ሕዝብ ነፋን።

ትራምፔቱ ብቻውን ሲጫወት ከኋላ የምናጅብባትን አጭር ዜማ ታውቃታለህ፤ ሸክላው ላይ በአለቃችን በታልበርት ስም የወጣችውን። ወረቀት ላይ የለችም። ኦርቪል በሳክስፎኑ ይጀምራታል፣ እኛ እንቀበለዋለን። ትናንት ቦታዋ ሲደርስ ሁላችንም ወደ ባዶው ወንበር ዞርን። የጀመረ የለም። ትራምፔት ነፊውም ግራ ገብቶት አቆመ፤ መጋዘኑ ጭጭ አለ።

ከመድረክ ስንወርድ ታልበርት፣ «ምን ነካችሁ? የገዛ ዜማዬ ጠፋችሁ?» አለን።

«የሚጀምራት ኦርቪል ነበር» አልኩት።

«ኦርቪል? ሦስተኛው ሳክስፎን ነፊ?» ብሎ ሳቀ።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። ባለቤትህን ኤታን እና ልጆቹን ሳምልኝ። የኦርቪልን እናት እማማ ኮራን ስታገኛቸው፣ ባንዱ በሙሉ ለኦርቪል ዝም አለ በላቸው። ውሸት አይሆንብህም።

ኤመሪ