ቀይ ክር የታሰረባቸው ሰባት ቅርንጫፎች

ዛሬ ሰኞ፣ ግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እኔ ሰፈርተኛው «መቀሱ» እያለ የሚጠራኝ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ሙሉ መሆኑን፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳይጎተጉተኝ የምናገር መሆኔን አስታውቃለሁ። ምስክሮቼ ሁለት ናቸው፤ ግድግዳ የምንጋራው ጫማ ሰፊ እና ሁለቱን ልጆቼን የተቀበለችው ጡረተኛ አዋላጅ። ልጆቼም እዚሁ አሉ። ወንዱ በሩን ተደግፎ ቆሟል፣ ሴቷ ከወንበሬ አጠገብ ተቀምጣለች። ጸሐፊው ገና ሳይጀምር አስጠንቅቆኛል፤ ስርዝ ድልዝ ያለበት ኑዛዜ ይፈርሳልና ከአፌ የወጣ ሁሉ እንዳለ ይቀመጣል። ዕድሜ ልኩን ሲቆርጥ ለኖረ ሰው ከባድ ሕግ ነው።

አንደኛ። ቤቱ የሁለቱም ነው፣ እኩል። የፊት ክፍሉን ሴት ልጄ ትውሰድ፤ ለስፌት መኪናዋ ብርሃን ያስፈልጋታል። የኋላው የወንድሟ ይሁን። ኩሽናውን ይጋሩት፤ ሲጣሉም እዚያው ይጣሉ፣ ጎረቤት አይስማ። ጫማ ሰፊው «ግድግዳው ስስ ነው ጋሼ፣ መስማቴ አይቀርም» ብሏል። ይህም ይጻፍ። ሴት ልጄ ቂመኛ መሆኗም ይጻፍ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ደህና አደርክ፣ ደህና ዋልክ» ከማለት በቀር የልቧን ነግራኝ አታውቅም።

ሁለተኛ። ሁለቱን መቀሶች፣ መጋዙንና መሰላሉን ለወንድ ልጄ ሰጥቻለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሆስፒታሉን አትክልት ቦታ የያዝኩት በእነዚህ ነው፤ ዛሬ እሱ ቦታዬን ተክቷል። እጁ ከእኔ ይሻላል፣ ችኮላው ግን የእኔው ነው። የመሰላሉ ሦስተኛ መርገጫ ስለሚወዛወዝ ሳያጠብቀው አይውጣበት። እኔ «ነገ አጠብቀዋለሁ» እያልኩ ስድስት ዓመት ወጥቼበታለሁ።

ሦስተኛ። ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዙሩልኝ። በቃ፣ መልሱኝ። ይህን ሁሉ ትጽፋለህ እንዴ? ጻፈው እንግዲህ።

ሦስተኛ፣ በጓሮ ያለው የኮክ ዛፍ። ለወንዱ ይሁን፣ በየዓመቱም ይከርክመው። ያልተከረከመ ኮክ ውስጡ ይጨልማል፣ ፍሬው ይኮሰምናል፣ ቅርንጫፉም በገዛ ክብደቱ ይሰነጠቃል። አይደለም፣ ተወው። ለሴቷ ይሁን፣ ማንም አይንካው።

ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ «ጋሼ፣ የትኛው ነው እሚያዘው?» ብሎ ጠይቆኛል።

የትኛው እንደሆነ ባውቅ ኖሮ ይህን ያህል እቁነጠነጥ ነበር? ምክንያቱን ልናገርና ከዚያ ይለይ።

ዛፉ የባለቤቴ ነበር። ሴት ልጃችንን በወለደች ሳምንት ከበላችው ኮክ የተረፈውን ዘር ቀብራ አበቀለችው። (አዋላጇ «ኮኩን ያመጣሁላት እኔ ነኝ» ብላለች።) እኔ የሰውን ዛፍ ሁሉ ሳስተካክል እየዋልኩ በገዛ ጓሮዬ ያ ዛፍ እንደፈለገው ተንሰራፋ። በየዓመቱ «ላስተካክልልሽ» እላታለሁ፤ «በሆስፒታሉ ዛፍ ላይ አለቃ ሁን፣ የኔ የሚበጀውን ራሱ ያውቃል» ትለኛለች። የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኝ ነበር።

የእኔ አሠራር የታወቀ ነው። ከመቁረጤ በፊት ዛፉን እዞርና በሚወድቀው ቅርንጫፍ ላይ ቀይ ክር አስራለሁ። ክር ያለበት ይቆረጣል፣ የሌለበት ይቀራል። አብረውኝ የሠሩ ሁሉ ያውቁታል። ቤቴ ያሉት ግን አያውቁም ነበር፤ እዚያ ማንም ክር እንዳስር ፈቅዶልኝ አያውቅምና።

ባለቤቴ ታማ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ዛፉ በጫማ ሰፊው ጣሪያ ላይ ተጋደመ። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸነፈች። ለልጇ «ይከርክመው፣ ግን እንዲቀሩ በምነግርሽ ቅርንጫፎች ላይ ክር እሰሪ» አለቻት። ልጄ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀይ ክር ቆርጣ ሰባት ቅርንጫፍ ላይ አሰረችና ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ስመጣ ሰባት ቀይ ክር አየሁ። ፈቀደችልኝ አልኩ። እንደ ዘበት ሰባቱንም ቆረጥኩ። በደስታ ነው የቆረጥኩት፣ እያፏጨሁ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ያ ፉጨት ነው።

ልጄ ተመልሳ «የታሰሩትን እኮ ነው የቆረጥከው!» ብላ ጮኸች። ያኔ ገባኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት መቀስ ይዤ እንደ ጀማሪ ተሳሳትኩ ማለት አቃተኝ። «አይቻለሁ፤ መቆረጥ ነበረባቸው» አልኩ። ይህ ውሸት ነው። ምስክሮች ይስሙ፣ ጸሐፊውም አጉልቶ ይጻፍ፤ ውሸት ነው። ባለቤቴ ከሆስፒታል ተመልሳ ወንበሯን ከመስኮቱ አዞረችና ጀርባዋን ለዛፉ ሰጠች። እስክትሞት፣ ሁለት ዓመት፣ እንደዚያው ተቀመጠች። ክሮቹን ከመሬት ለቅሜ በቆርቆሮ ሣጥን አስቀምጫለሁ። ስድስት ናቸው፤ ሰባተኛውን ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁትም።

እዚህ ላይ ሴት ልጄ ተናግራለች፤ ቃሏ ይጻፍ ብያለሁ።

«አባዬ፣ እናውቅ ነበር እኮ። እማዬ ገና ግቢ ስትገባ ዛፉን አየችና አንዱን ክር ከመሬት አነሳች። "የራሱ ክር መስሎት ነው፤ ቀይ ማሰር አልነበረብንም" አለችኝ። ተሳሳትኩ ማለት ለሱ ሞት ነው፣ ራሱ እስኪናገር አታንሺበት ብላ አስማለችኝ።»

«ወንበሩስ?» አልኳት።

«ዛፉን ስታይ ባየሃት ቁጥር ፊትህ ይጠቁር ነበር። እንዳትሳቀቅ ብላ ነው ያዞረችው።»

«አንቺስ? አሥራ አንድ ዓመት?»

«እኔማ እስክትነግረኝ ስጠብቅ ነበር።»

አዋላጇ ውሃ አቀብላኛለች። ባለቤቴ ሆይ፣ እኔ በቁጣሽ ስብሰለሰል አንቺ ለካ እያሳረፍሽኝ ነበር። ስለ ልጄ «ቂመኛ» ያልኩት ይሰረዝልኝ ብዬ ጠይቄአለሁ። ጸሐፊው «አይሰረዝም ጋሼ» ብሏል። እሷም «ይኑር አባዬ፣ ትንሽ ቂመኛማ ነበርኩ» ብላ ስቃለች።

አራተኛና መጨረሻ። ዛፉ የሁለታችሁም ነው። ከላይ በሦስተኛ ያልኳቸው ሁለቱም አይጽኑ፤ የሚጸናው ይህ ነው። አንዳችሁ ብቻችሁን አትቁረጡት፣ አንዳችሁም ብቻችሁን አትከልክሉ። ክር ከማሰራችሁ በፊት ክሩ ምን ማለት እንደሆነ አፍ አውጥታችሁ ተነጋገሩ። አሁን ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዙሩልኝ። አትመልሱኝ።

ተናዛዥ (ፊርማ)
ምስክር፣ ጫማ ሰፊው (ፊርማ)
ምስክር፣ አዋላጇ (ፊርማ)

የጸሐፊው ቃል፦ ይህ ኑዛዜ ሦስት ገጽ ሲሆን ስርዝ ድልዝ የለበትም። ገጾቹን የተናዛዡ ሴት ልጅ ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ ባመጣችው፣ እናቷ ባስቀመጠችው ሰባተኛ ቀይ ክር ሰፍታቸዋለች። በሁሉም ስምምነት የክሩ ትርጉም «አይቆረጥ» ማለት ነው።