አባባ ቱንቢያቸውን ይዘው ቤተ መቅደስ ሲጎበኙ

ይድረስ ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ከናፍቆትህና ከዚህ ወበቅ በስተቀር ደህና ነን።

ቅዳሜ አባባን ይዤ የጥንቶቹን ቤተ መቅደሶች ላሳያቸው ሄድኩልህ! አርባ ዓመት ግንበኛ የነበሩ ሰው እንዴት እንደሚሆኑ መቼም ታውቃለህ። ሰው ሁሉ ጣሪያውን ሲያይ እሳቸው የድንጋዩን መጋጠሚያ እየዳበሱ፣ "ያለ ሲሚንቶ እኮ ነው!" እያሉ አስጎብኚውን መድረሻ አሳጡት። በዚህ መሀል አንዲት ጦጣ ባርኔጣቸውን መንትፋ ዛፍ ላይ ወጣች። "ተያት፣ ከኔ ይልቅ ለሷ ያምርባታል" አሉ።

ከዚያ ከኪሳቸው ምን ቢያወጡ ጥሩ ነው? ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚለኩባትን ቱንቢ! ክሩን ይዘው ከግድግዳው አስጠጓት። ቱንቢዋ ወዲያ ወዲህ ትወዛወዛለች እንጂ አልቆም አለች። "ይሄ ግድግዳ ዘሟል" ብለው ፈረዱ። አስጎብኚው አኮረፈ። ክሩን ተቀብያቸው እኔ ስይዘው ቱንቢዋ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ግድግዳው ቅንጣት አልተዛነፈም። "ንፋሱ ነው!" አሉና ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። ሙቀቱ ግን ለጉድ ነበር፤ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም።

አብራችሁ የጀመራችሁትን የጓሮውን አጥር "ድንጋዩን እሱ ይደርድር፣ እኔ ቆሜ አዛለሁ" ይላሉ። ለዓመት ከምትል ዘንድሮ ብትመጣስ?

እንደ ወትሮው ከግርጌ ሁለት መስመር በእጃቸው እንዲጽፉልህ ደብዳቤውን ሰጥቻቸው ነበር። "ብዕሩ ቀለም ጨርሷል፣ አንቺው ሰላም በይልኝ" አሉኝ።

ይኸው በዚያው ብዕር ሰላም ብለውሃል።

የምትሳሳልህ ታናሽ እህትህ