የላይኛው ግማሽ

ውድ ቀውላላው፣

ኩርፊያህ በርዶ ከሆነ ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ካልበረደም ቆመህ አንብበው፣ ብቻ አንብበው። የገበያው ኃላፊዎች ትልቁን ግድግዳ እንድንስልበት ሰጡን! ያንን ባለፍን ቁጥር አንገትህን እያዞርክ ስትመኘው የኖርከውን። «ክረምት ሳይገባ ጨርሱ» ብለዋል። እኔ ደግሞ ያለ አንተ አልጀምረውም። የምጽፍልህ ለዚህ ነው። የቀረው ወሬ ነው፤ ወሬውንም ግን ስማ።

ስቱዲዮ ልከራይ ነው ስልህ ያልከኝ ትዝ ይልሃል? «አንቺ ድንቢጥ፣ ግድግዳ ላይ የሳልነውን መንገደኛ ያየዋል፤ ተዘግቶብሽ የምትስዪውን ማን ሊያይልሽ ነው? አይጥ?» ብለህ፣ መሰላላችንን ተሸክመህ እህትህ ወዳለችበት ከተማ እብስ አልክ። የሱቅ ታፔላ ትጽፋለህ አሉ። ደግ። መሰላሉ ግን የጋራችን ነበር፤ እሱን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ክፍሏ ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ናት። ትንሽ ወደ ኋላ ልበል ካልኩ በሩ ጀርባዬን ይመታኛል። መጀመሪያ ሰሞን እንደለመድነው ሥዕሉን መንገድ ተሻግሬ ላየው ብዬ ብሩሼን እንደያዝኩ ደረጃውን ወርጄ አረፍኩት። ልብስ ሰፊው «ምን ጠፋሽ?» ቢለኝ፣ «ርቀት» አልኩት።

እንደምንም ብዬ ሸራ በሸራ ላይ ደረደርኩ። አንድ ቀን የጋለሪ ባለቤት የሆነች ሴትዮ ልታያቸው መጣች። ከአንዱ ወደ ሌላው ሄዳ ሄዳ፣ «እጅሽ ግሩም ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ግን እነዚህ ሰዎች ጭንቅላታቸው የት ሄደ?»

ዞር ብዬ ሳይ፣ ጉድ! ጫማው ከነክሩ፣ ቀሚሱ፣ ጉልበቱ፣ ዘንቢሉ፣ እግር ስር የተኛችው ድመት ሳትቀር ተስላለች። ከደረት በላይ ግን ባዶ ሸራ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት አንተ መሰላል ላይ፣ እኔ መሬት ላይ፣ አንተ ፊትና ሰማይ፣ እኔ እግርና አስፋልት ስንስል ኖረን፣ እጄ ደረት ጋ ሲደርስ «ከዚህ በላይ የእሱ ነው» ብሎ በራሱ ይቆማል። አንተ በሌለህበት ክፍል ውስጥ እንኳን ቦታ ትቼልሃለሁ።

እማዬ አይታቸው «ታድለው! እነዚህስ ራስ ምታት አያውቁም» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ እሷ ስትወጣ ግን አለቀስኩ። ናፍቀኸኛል፣ ቀውላላው። ይኸው ተናገርኩት።

ከዚያ ወዲያ ፊት መሳልን ከዜሮ ጀመርኩ። የመጀመሪያው አፍንጫ ድንች ነበር። ልብስ ሰፊው ተቀመጠልኝና ሥዕሉን አይቶ፣ «ይሄ እኔ ሳልሆን ወንድሜ ነው፣ ያውም ያኮረፍኩት» አለኝ። አልተውኩትም። አየህ፣ ውጭ ስንሠራ ዝናቡም መንገደኛውም ያጣድፈናል። እዚህ ግን አንዱን ዓይን ስፍቅ ስስል፣ ስፍቅ ስስል ብሰነብት ማንም «ቶሎ በይ» አይለኝም። ግድግዳን የከዳሁ መስሎህ ነበር አይደል? ለግድግዳ የጎደለኝን ልማር ነው የገባሁት።

በመጨረሻ የተሳካልኝ ፊት የማን ይመስልሃል? ያንተ! ከታች የታየ፤ የጫማህ ሶል፣ አገጭህ፣ የአፍንጫህ ቀዳዳዎች፣ ከዚያ በላይ ሰማይ። ምን ላድርግ፣ ያየሁህ ሁልጊዜ ከዚያ ነው። ሴትዮዋ ጋለሪዋ መግቢያ ላይ ሰቅላዋለች፤ ከፊቱ የቆመ ሁሉ ሳያውቀው ቀና ይላል።

እንግዲህ ግድግዳችን ተለስኖ፣ ነጭ ተቀብቶ እየጠበቀህ ነው። መሰላሉን ይዘህ ና። አንተ ብትቀር እንኳን እሱን ላክልኝ። ውሸቴን ነው፣ አንተም ና። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርህ፤ በዚህኛው ላይ መሰላሉን የምወጣው እኔ ነኝ። አንተ ያንን ረጅም ጉልበትህን አጥፈህ ጫማ መሳል ትጀምራለህ። አይዞህ፣ አስተምርሃለሁ። የአፍንጫዬን ቀዳዳ ደግሞ እንደፈለግክ እየው፤ ተራህ ነው።

አንተንም መሰላሉንም የምትጠብቅ፣
ድንቢጥ