ቶሎ የሚያያዘውን ላምባ የተጸየፉት የአቶ ሙርሳል ሻዕባን የሕይወት ታሪክ

ወገኖቼ፣ እናንተ የአሶሳ ሰዎች፣ እናንተም ከሩቅ የመጣችሁ፣ ጥላው ለሁላችን ይበቃልና ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። የአቶ ሙርሳልን ታሪክ አብረን እንስማ። የሚያስጸይፍ ነገርም አለበት፤ ይነበብ ያሉት ራሳቸው ናቸውና አይዘለልም።

አቶ ሙርሳል ከአባታቸው ከሻዕባንና ከእናታቸው ከኡምኩልሱም በ1847 ዓ.ም. ገደማ አሶሳ አጠገብ ተወለዱ። ሁለት ዓመት ያህል ቁርኣን ተምረው፣ ከሰሌዳው ይልቅ ገበያው ስለሳባቸው፣ ከአባታቸው የሰሊጥ ጭነት ኋላ አህያ መንዳት ጀመሩ። በ1872 ዓ.ም. እመት ዐዋጢፍን አግብተው ዓብዱልባሲጥንና ኢንቲሳርን ወለዱ። እናታቸው ሲሞቱ ገና ትድህ የነበረችውን እህታቸውን ዐፊፋንም እንደ ልጃቸው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

በሀገራችን የሰሊጥ ዘይት የሚገዛ ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ክር ነክሮ እሳት ያስነካዋል። ቶሎ ከተያያዘ ንጹሕ ነው፤ ከተንጣጣ ውሃ ገብቶበታል። ላምባ ከሱዳን በኩል በቆርቆሮ መምጣት ሲጀምር አቶ ሙርሳልም በዚያው ልማድ ይመርጡት ነበር። በመጋቢት 1893 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር በኩርሙክ ገበያ ላይ፣ ጭራሮ ገና ሲጠጋው ቦግ የሚለውን ለይተው “ዘይት ማለት እንዲህ ነው!” እያሉ አስጫኑ። አንዱን ቆርቆሮ ለሙሽራዋ ለዐፊፋ ሰጧት። ዐፊፋ በዚያ በመጋቢት ሙቀት፣ ፋኖሷን ሳታጠፋ ልትሞላ ቆርቆሮውን ስታዘነብል እሳቱ ወደ ቆርቆሮው ዘለለ። በሦስተኛው ቀን አረፈች።

አቶ ሙርሳል እጃቸውን በአመድም በአሸዋም ቢያሹት የላምባው ሽታ አልለቅ አላቸው። በዚያ እጅ እህል መንካት ተጸይፈው ብዙ ቀን እመት ዐዋጢፍ እያጎረሷቸው ኖሩ።

ወደ ኩርሙክ ተመልሰው ሻጩን ቢጠይቁት፣ ሰውየው ጥርሱን እየፋቀ፣ “ቤንዚን ጨምሬበታለሁ፤ ታዲያስ? ቶሎ የሚያያዘውን ስጠኝ ያልከው አንተው አይደለህም?” አላቸው። ምራቃቸውን እንትፍ ብለው ወጡ። ወገኖቼ፣ ጅብ እንኳ የበላውን አይሰድብም።

እዚያው ኩርሙክ፣ በወንዝ መርከብ ላይ ፋኖስ ጠባቂ ሆነው ያረጁ አንድ ሰው አስቀምጠው አስረዷቸው። የሚነደው ፈሳሹ ራሱ አይደለም፣ ከላዩ የሚወጣው የማይታይ ተን ነው። እያንዳንዱ ዘይት ተኑ እሳት ለመያዝ የሚበቃበት የራሱ ሙቀት አለው። ደኅናው ላምባ በደንብ እስኪሞቅ ዝም ይላል፤ ቤንዚን የገባበት ግን ቀዝቅዞም ተኑ እሳት ይጠብቃል። ስለዚህ ላምባውን በስኒ አድርጎ ውሃ ባለው ምንቸት ውስጥ ማቆም፣ ውሃውን ቀስ እያሉ ማሞቅ፣ የሚነድ ጭራሮ ሳያስነኩ ከስኒው በላይ ማሳለፍ ነው። ውሃው እጅ ሳይለበልብ ቦግ ካለ ያ ላምባ ከቤት አይገባም።

ጭንቁ ግን ከዚያው ጭነት ዐሥራ አንድ ቆርቆሮ በዐሥራ አንድ ቤት መቀመጡ ነበር። አቶ ሙርሳል አሶሳ እንደገቡ ቤታቸው ሳይደርሱ በየደጁ ዞሩ። “መርጬ የሸጥኩላችሁ እኔ ነኝ። እህቴን የገደላት ይኸው ነው። መልሱልኝ” አሉ። አንዳንዱ አልቅሶ መለሰ። አንዳንዱ፣ “እህትህን አቃጥለህ ዛሬ ደግሞ መካሪ ሆንክልን?” አላቸው። አንገታቸውን ደፍተው ቆርቆሮውን ተቀበሉ።

የመጨረሻዋ፣ የሰባት ልጆች እናት እመት ኸድራ፣ እንቢ አሉ። “ያ ሙርሳል፣ ስማኝ! ነጋዴ የሸጠውን ሊያስመልስ የሚሮጠው ዕቃው ጥሩ ሲሆን ነው። አልሰጥህም!”

አቶ ሙርሳል ልጆቹን ከግቢ አስወጡ፤ ቆርቆሮውን አራቁ። ውሃ ለብ አድርገው ምንቸቱን ከፍሙ አነሱና ላምባ ያለበትን ስኒ አቆሙበት። እመት ኸድራ ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው፣ “ይኼማ ሕፃን ለማጠብ እንኳ ገና...” ብለው ሳይጨርሱ ጭራሮው ከላይ አለፈ። ሰማያዊ ነበልባል በስኒው አፍ ላይ ቦግ አለ። እመት ኸድራ እጃቸውን መንጭቀው፣ “ይህን ነው ከልጆቼ መኝታ ሥር የወሸቅኩት? ውሰድልኝ! አሁኑኑ ውሰድልኝ!” ብለው ጮኹ።

ዐሥራ አንዱም ቆርቆሮ ከመንደርና ከውሃ ርቆ ድንጋይ ላይ ተደፋ። ከዚያ ወዲህ አቶ ሙርሳል በስኒ ያልፈተኑትን ላምባ ለሰው አልሰጡም፤ ሌላውም ነጋዴ ቆርቆሮውን ተሸክሞ ሊያስፈትን ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር።

በ1901 ዓ.ም. የደረት ሕመም ያዛቸው። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ሲያስታምሟቸው ቆይተው ሰኔ 9 ቀን 1902 ዓ.ም. በሃምሳ አምስት ዓመታቸው አረፉ። እመት ዐዋጢፍን፣ ሁለት ልጆችንና አራት የልጅ ልጆችን ትተዋል። አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፣ በእዝነቱም ይቀበላቸው።

አንድ አደራ ነግረውናል፦ “ለእኔ የፋቲሓ ዱዓ ስታደርጉ የዐፊፋን ስም አስቀድሙ።” የምወዳችሁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ አስቀድሙላቸው።