ስላልፈቀዱልን አምስት የሥራ ቀናት

ለተከበሩ አቶ ኢታና ዳቢሴ፣
የቢፍቱ ሳነቴ ሙያ ማሠልጠኛ ተቋም ኃላፊ፣
ሮቤ።

የተከበሩ ኃላፊያችን ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሮቤ ብርድ ጉልበትዎን እንዳይነካው፣ ደም ግፊትዎም እንደ ወንበርዎ የተረጋጋ እንዲሆን ዘወትር አላህን እለምናለሁ። ከዚህ በፊት በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባኋቸው አራት ደብዳቤዎች እስካሁን ወደ ጠረጴዛዎ በመጓዝ ላይ ስለሆኑ፣ ይህ አምስተኛው እንኳ ፈጥኖ እንዲደርስዎ በማለት በጋዜጣ እንዲወጣ አድርጌያለሁና ለድፍረቴ አስቀድሜ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

እርስዎ ያውቁኛል፤ አንባቢው ግን ስለማያውቀኝ ራሴን ላስተዋውቅ። ሰቢሪና ዘይነዲን እባላለሁ፤ በተቋማችን የኮምፒውተር መምህርት ነበርኩ። ከሦስት ዓመት በፊት አሥራ ሁለቱ የማስተማሪያ ኮምፒውተሮች በቫይረስ ተይዘው ሲቆሙ፣ በፖስታ በነጻ ባስመጣሁት ሲዲ ሊኑክስ ጫንኩባቸውና ተነሡ። ሊኑክስ በዓለም ዙሪያ የተበተኑ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተባብረው የሚጽፉት፣ ማንም ወስዶ እንዲገለገልበትና እንዲያሻሽለው የተፈቀደለት የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ከእነዚህ ሰዎች ጋር በኢሜይል መወያየት ጀመርኩ። የሮቤ መስመር ሦስት ዓረፍተ ነገር አሳልፎ የሚቋረጥ ቢሆንም፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ሳያጣሩ ጥያቄዬን የሚመልሱልኝ ሰዎች በማግኘቴ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

በዚያው ሰሞን ባልደረባዬ ቀነዓ በሕመም ምክንያት የዓይኑን ብርሃን አጣ። ቀነዓ ዘጠኝ ዓመት የሂሳብ አያያዝ ያስተማረ ሰው ነው። እርስዎም በቸርነትዎ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ በር አጠገብ ወንበር ሰጡት፤ እዚያ ውሎ የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው በእግሩ ኮቴ ይለይ ነበር። አንድ ቀን ሊኑክስ ውስጥ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም እንዳለ ደረስኩበትና ወንበሩን ከግምጃ ቤቱ በር አንሥቼ ኮምፒውተር ፊት አደረግሁለት። በሁለት ወር እንግሊዝኛውን እያዳመጠ ራሱ ይጽፍ ጀመር፤ በዓመቱ ወደ ክፍል ተመለሰ። ችግሩ ኦሮምኛው ነበር። የተቋሙ ደብዳቤም ፈተናም በኦሮምኛ ነው፤ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ግን ማሽኑ እንግሊዝኛ እየመሰለው «ትንሽ» ማለት የሆነውን «ጢቃ» የሚለውን ቃል «ዚካ» ብሎ ያነበዋል። ተማሪዎቹ በሳቅ ሲፈርሱ ቀነዓም አብሯቸው ይስቃል፤ ከክፍል ሲወጣ ግን «ሰቢሪ፣ ይኼ ነገር የኛን ቋንቋ ካልተናገረ እኔ እዚህ ቤት እንግዳ ነኝ» ይለኝ ነበር።

በመጋቢት 2001 ዓ.ም. ሁለታችንም ሰኔ ላይ ናይሮቢ ለሚደረገው የነጻ ሶፍትዌር ጉባኤ ተጠራን። የአውሮፕላኑንም የማደሪያውንም ጠሪዎቹ ችለዋል፤ ፓስፖርቱንም አዲስ አበባ ድረስ ሄደን በራሳችን አወጣን። የጓጓነው ለጉባኤው አልነበረም፤ የንባብ ድምፁን ሥራ ከሚመራው ሰው አጠገብ ተቀምጠን ኦሮምኛውን በቀነዓ ጆሮ ለማስተካከል ነበር። ከእርስዎ የፈለግነው የአምስት ቀን ፈቃድ ብቻ ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። የጥሪውን ወረቀት ገልብጠው ጀርባውን አይተው፣ «ይህ ማኅበረሰብ የሚባለው ሰብሳቢው ማን ነው? ማኅተሙስ የታለ?» አሉኝ። ሰብሳቢ እንደሌለውና ሰዎቹ በፈቃዳቸው እንደሚሠሩ ስነግርዎ መነጽርዎን አውልቀው፣ «ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሰው ያስፈራኛል። ደግሞስ በኦሮምኛ የሚናገር ማሽን ምን ሊናገር ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ዞር ብዬ በሩ መዘጋቱን አየሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በከተማችን ሰውን የት እንደሚያደርስ እርስዎም እኔም እናውቃለንና።

ሁለተኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ። ማብራሪያ በሦስት ቅጂ አዘዙኝ፤ አመጣሁ። ኮሚቴ ይየው አሉ፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ እርስዎ ነዎትና አልተሰበሰበም።

ሦስተኛ፣ ስለ መሥዋዕትነትዎ። ለጉዞው አራት ቀን ሲቀረው ደብዳቤው ወጣ ተባልኩና ሮጬ መጣሁ። ደብዳቤው ተቋሙን ወክለው ናይሮቢ የሚሄዱት እርስዎና የግዢ ክፍሉ ኃላፊ መሆናችሁን ይገልጻል። ጠሪዎቹ ቲኬቱ በእኛ ስም የተቆረጠና የማይለወጥ መሆኑን ገልጸው፣ ለመሆኑ ስለ ድምፁ ሥራ ምን ለማቅረብ እንዳሰቡ በትሕትና ሲጠይቁዎ «አጠቃላይ ሁኔታውን» ብለው መለሱ። መልስዎን ወደ እንግሊዝኛ የተረጎምኩልዎ እኔ ነኝ፤ ስሕተት ካለበት ይቅር ይበሉኝ።

ከዚህ በኋላ ያለው በቁጥር አልገባ ብሎኛል።

ሰኞ ማለዳ ያለ ፈቃድ ተነሣን። ቀነዓ የክት ኮቱን ለብሶ በመስኮት በኩል ተቀምጧል፤ ነፋሱ ሲለወጥ «ዲንሾን አለፍን አይደል?» ይለኛል፤ እንደ ልጅ ደስ ብሎታል። ዶዶላ ለምሳ እንደወረድን ስልኬ ጮኸ። የሠራተኛ አስተዳደሯ ወይዘሮ እኅተማርያም ነበሩ። «ሰቢሪና፣ አለቃ አጠገቤ ናቸው» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንቺን በማስጠንቀቂያ ያልፉሻል። ቀነዓ ግን ነገ ጠዋት ሥራው ላይ ካልተገኘ ሥራውን እንደለቀቀ ይቆጠራል ብለዋል።»

ቀነዓ ከፊቴ ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቷል። «ዓይን ለሌለው ሰው ሌላ ሥራ ማን ይሰጠዋል?» አለኝ። «ሦስት ልጆች አሉኝ። አንቺ ሂጂ፤ እኔ በስልክ እሰማዋለሁ።» እምቢ አልኩ፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። እርሱ ግን ሻንጣውን ከአውቶቡሱ ጣራ አስወርዶ፣ እጄን ይዞ ወደ ሮቤ የሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ ገባ። ኮቱ በሩ ላይ ተይዞ ነበርና አላቅቄ ዘጋሁለት።

ናይሮቢ ላይ ለዓመታት በጽሑፍ ብቻ የማውቃቸው ሰዎች አቅፈው ተቀበሉኝ። «ጓደኛሽስ?» ሲሉኝ «ታሟል» ብዬ ዋሸሁ፤ ገመናችንን ሸፍኜልዎታለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የድምፁን ሥራ የሚመራው ሽበታም፣ ዝምተኛ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። ስልኬን ከድምፅ ማጉያው አስጠግተን ለቀነዓ ደወልን። «እንደገና አሰሙኝ» ይላል ከሮቤ። «አይ፣ ‹ዸ› የሚለው ድምፅ ገና ነው፤ ምላሱ ወደ ኋላ ይታጠፍ።» ሰውየው ያስተካክላል፤ መስመሩ ይቆረጣል፤ እንደገና እንደውላለን። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ቆይተን ማሽኑ ጥርት አድርጎ «ጢቃ» አለ። ቀነዓ «ገላቶማ» አለው፤ ሰውየውም ቋንቋውን ሳያውቅ ምስጋና መሆኑ ገባው። ከዚያ ቀነዓ በደስታ እንዲህ ብሎ ነገረኝ፦ «ማክሰኞ ወይዘሮ እኅተማርያም ወረቀት አስፈርመውኛል። የሕመም ፈቃድ ነው፤ እስኪጠሩኝ ደሎ መና እናቴ ጋ እቆያለሁ።» እኔም «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት። ያንን ያልኩበትን አፌን ዛሬ ድረስ እረግመዋለሁ።

ስመለስ የኮምፒውተር ክፍሉ በአዲስ ቁልፍ ተቆልፎ ጠበቀኝ። ሊኑክሱ «ፈቃድ የሌለው ሶፍትዌር» ተብሎ ከአሥራ ሁለቱም ማሽኖች ተደምስሷል፤ በምትኩ ከገበያ በተገዛ፣ ተሰርቆ በተባዛ ሲዲ ያው የቀድሞው ሥርዓት ተጭኗል፤ ቫይረሱም አብሮ በሰላም ገብቷል። እኔ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። ሐምሌ ላይ መደርደሪያ ስጠርግ የቀነዓን ፋይል «ከተሰናበቱት» ረድፍ አየሁት። ፋይሉን የመክፈት ሥልጣን አልነበረኝም፤ ስለዚህ ላፕቶፔን ይዤ ወደ ደሎ መና ተሳፈርኩ። የሳነቴን ተራራ በጉም፣ የሐረናን ደን በዝናብ አልፌ አመሻሹ ላይ ደረስኩ።

ቀነዓ ከእናቱ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ የእግሬን ኮቴ ለየው። «ፈያዻ፣ ሰቢሪ? ደኅና ነሽ? ጥሪ አመጣሽልኝ?» አለኝ። ወረቀቱን እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ከኮቱ ኪስ የታሸገ ፖስታ አወጣ፤ ወይዘሮ እኅተማርያም ሲያስፈርሙት «አንብበውለት» ስለነበር ለማንም አላሳየውም። ከፍቼ አነበብኩና ወረቀቱን መልሼ አጠፍኩት። «አጠፍሽው፤ ምን ይላል?» አለኝ። «እኔ ላንብብልህ» ብዬ ስጀምር እጁን አነሣ። «አንቺ ካነበብሽው ታለሳልሺዋለሽ። ጻፊውና ማሽኑ ያንብብልኝ።»

እያንዳንዱን ፊደል ጻፍኩት። ማሽኑ ናይሮቢ ላይ ባስተካከልነው ድምፅ በኦሮምኛ አነበበ፦ ሠራተኛው በጤናው ምክንያት ከሰኔ 2 ቀን 2001 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራውን በራሱ ጥያቄ የለቀቀ መሆኑን፣ ይህንንም በዓይኑ አንብቦ መረዳቱን በፊርማው አረጋግጧል። አንድ ድምፅ አልተሳሳተም። ቀነዓ «ድገሚው» አለኝ። ሦስት ጊዜ ሰማው። «‹አንብቦ› የሚለውን በደንብ ነው ያለው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ይግባኝ አልን። ያመለከተው ሰው አንብቦ ስለፈረመ ይግባኙ ተቀባይነት እንደሌለው ነሐሴ ላይ በእርስዎ ፊርማ ተነገረን።

የተከበሩ ሆይ፣ ሥራውን ይመልሱለት ብዬ ብዙ ለምኜ አልሆነልኝም። አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በራሱ ጥያቄ» የሚለውን ይሰርዙለት። «ያባረርኩት እኔ ነኝ» ይበሉ። ሰው ተባርሮ ሌላ ሥራ መለመን ይችላል፤ በፈቃዱ ለቀቀ የተባለ ዓይነ ስውር ግን በየደረሰበት «ሥራ አልፈልግም ያልክ ራስህ ነህ» እየተባለ ይመለሳል፤ እስካሁን ሁለት ቦታ ተመልሷል። ልጆቹ መስከረም ላይ በምን ገንዘብ ትምህርት ቤት እንደሚገቡ አያውቅም። እኔም ከዚህ በላይ ምን ማድረግ እንደምችል አላውቅም፤ በእውነት አላውቅም።

የዓይንዎን ጤና አላህ እንዲጠብቅልዎ፣ የሚፈርሙትን ሁሉ እስከ ዕድሜዎ ፍጻሜ ራስዎ ለማንበብ እንዲበቁ ከልቤ እየተመኘሁ፣ በተመደብኩበት መደርደሪያ ሥር በአክብሮት እጅ የምነሣዎ፣

ሰቢሪና ዘይነዲን
ሮቤ፣ ጳጉሜን 2001 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ የኦሮምኛው ድምፅ ባለፈው ሳምንት በይፋ ወጥቷል፤ በየትኛውም አገር ያለ ሰው ሲጭነው ድምፁን መሞከሪያ የሚሆን አንድ አጭር ጽሑፍ አብሮ ይሰማል። የሙከራውን ጽሑፍ እንዲመርጥ መብቱ ለቀነዓ ተሰጥቶት ያንን «በዓይኑ አንብቦ» የሚለውን የእርስዎን ደብዳቤ መርጧል። ስምዎን እኔ አስወጥቻለሁ፤ ማኅተምዎ ግን በድምፅ የማይሰማ መሆኑን ስገልጽልዎ በታላቅ ኀዘን ነው።